አሥራ አምስት ኪሎ

መጋቢት ሃያ አንድ ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከሐይቁ ዳር ካለው ትልቅ ሾላ ሥር አራት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ሚዛን ይዞ የሚቀመጠው ክብሩ ነው። ሁለተኛዋ በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ዓሣ የሚሠሩት እትዬ ጸሐይወርቅ ናቸው። ሦስተኛዋ ልጃቸው ሳያት ናት። አራተኛው ጠዋት ጠዋት በሐይቁ ዳር ሰው ሰብስቦ ስፖርት የሚያሠራው ሰለሞን ነው፤ ኮች ሰለሞን ይሉታል። በዚያች ሰዓት ሚዛኗ እንደምትዋሽ ከአራቱ አንዱ ብቻ ያውቅ ነበር። እሱም ክብሩ ነው።

ነገሩ የጀመረው በጥር ነው።

ክብሩ ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልዘለቀም። ከሰው ፊት ቆሞ መናገር ይጨንቀዋል። ሌሎቹ ባለሚዛኖች «ክብደት! ክብደት!» እያሉ መንገደኛ ሲጠሩ እሱ ካርቶን ላይ «ክብደትዎን በእርጋታ ይወቁ» ብሎ፣ አንድ ፊደል ሳይስት፣ በሚያምር እጅ ጽፎ ከጎኑ ያቆማል። ሰው ሚዛኗ ላይ ሲወጣም ቁጥሩን ጮክ ብሎ አይናገርም። ጎንበስ ብሎ ያያል፤ በቁራጭ ወረቀት ላይ «ስልሳ ሁለት ኪሎ» ብሎ በፊደል ይጽፋል፤ ወረቀቷን አጥፎ በሁለት እጁ ይሰጣል። ልማዱ ከዓይን አፋርነት የመጣ ነበር። ሰው ግን ጨዋነት ብሎ ወሰደለትና ሴቶቹ ሌሎቹን ባለሚዛኖች እያለፉ ወደ እሱ ይመጡ ጀመር። የሠፈር ልጆች ስሙን «ክብሩ ክብደት» አሉት፤ እሱም አልጠላውም።

እትዬ ጸሐይወርቅ የቅዳሜ ደንበኛው ናቸው። ከታቦር ሠፈር በባጃጅ ወርደው ወደ ሥራ ሲገቡ ሾላው ሥር ይቆማሉ፣ ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ ነጠላቸውን ቅርንጫፍ ላይ ይሰቅላሉ፤ «ነጠላውም እንዳይቆጠርብኝ» ይላሉ። ትልቅ ሴት ናቸው፤ ሲስቁ ትከሻቸው አብሮ ይስቃል። ወረቀቷን ተቀብለው ሳያዩ ወደ ቦርሳቸው ይከቷታል፤ ቤታቸው ሲገቡ ብቻ ያነቧታል። ለምን በየሳምንቱ እንደሚመዘኑ ክብሩ ጠይቆ አያውቅም። ሰው ኪሎውን ለማወቅ ምክንያት ያስፈልገዋል ብሎም አላሰበም።

በጥር አጋማሽ አንድ ቅዳሜ ሚዛኗ ላይ እንደ ቆሙ ኮች ሰለሞን ስፖርተኞቹን አስከትሎ ደረሰ። ቆመ፣ አየ፣ ፎጣውን አንገቱ ላይ አስተካከለና ጠየቀ።

«ማዘር፣ ይቺ ሚዛን ኢንሹራንስ አላት?»

ስፖርተኞቹ ሳቁ። እሱም ሳቁ ሲጥመው በክብሩ ትከሻ ላይ አንገቱን አሻግሮ ቁጥሩን አነበበ፤ ለሐይቁም፣ ለጀልባ ነጂዎቹም በሚሰማ ድምፅ።

«መቶ አራት! ሁለት ሰው በአንድ ቀሚስ!»

እትዬ ጸሐይወርቅ ወረዱ። ጫማቸውን ሲያደርጉ የግራውን በቀኝ አጠለቁት፣ እንደዚያው ሆነው ጥቂት ከሄዱ በኋላ ቆመው አስተካከሉ። ነጠላቸው ቅርንጫፉ ላይ ቀረ። ክብሩ አውርዶ አጣጥፎ ሮጠና ሰጣቸው። «ይቅርታ» ማለት ፈልጎ ነበር፤ ሳይል ተመለሰ። ወረቀቷንም እጁ ላይ ረሳት።

እትዬ ጸሐይወርቅ ሁለት ቅዳሜ ሳይመጡ ቀሩ። ክብሩ ሁለቱንም ቅዳሜ ዓይኑ ከመንገዱ አልተነቀለም።

በሦስተኛው ቅዳሜ ከሩቅ አያቸው። እየፈሩ ነበር የሚመጡት፤ ግራ ቀኝ ያያሉ፤ ሰለሞን መኖር አለመኖሩን ይፈልጋሉ። ያን ጊዜ እጁ ከሐሳቡ ቀደመ። በሚዛኗ ግንባር ሥር ጣት የምታህል ጥቁር ማዞሪያ አለች፤ መርፌዋ ዜሮዋን ስትስት በእሷ ትስተካከላለች። ክብሩ ማዞሪያዋን ስድስት ኪሎ ወደ ኋላ አዞራት። እትዬ ጸሐይወርቅ ወጡ። መርፌዋ ዘጠና ስምንት ላይ ቆመች። ጽፎ ሰጣቸው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ወረቀቷን እዚያው ፈቷት።

«ከመቶ ወረድኩ?» አሉ ቀስ ብለው፣ እሱን ሳይሆን ወረቀቷን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በባጃጅ መምጣት አቆሙ። ከታቦር እስከ ሐይቅ ዳር በእግራቸው ይወርዳሉ። በሚቀጥለው ሳምንት እውነቱም አንድ ኪሎ ቀንሶ ነበር። ክብሩ ደስ አለው፤ ውሸቱ የወለደው እውነት አድርጎ ቆጠረው። እሳቸው ሊመጡ ሲሉ ማዞሪያዋን ወደ ኋላ፣ ሲሄዱ ወደ ዜሮ ማዞር የቅዳሜ ሥራው ሆነ። በየካቲት መጨረሻ ማዞሪያዋን አንድ ኪሎ ጨምሮ ወደ ኋላ ስለ ወሰዳት ወረቀቱ ዘጠና ስድስት ይላል፤ እውነቱ መቶ ሦስት ነበር። በዚያች ቀን እትዬ ጸሐይወርቅ ከሆቴሉ የተጠበሰ ቆሮሶ በፌስታል ይዘውለት መጡ። የዓሣው ራስ ሳይቀር ሙሉ ነበር።

መጋቢት ሲገባ ነገሩ ተገለባበጠ። መርፌዋ ወደ ላይ ትሄድ ጀመር። መጋቢት አሥራ አራት ቀን ሲወጡባት እንደ ተዞረችም ዘጠና ስምንት አለች። ክብሩ ደነገጠና «እትዬ፣ መሬቱ ዘንበል ብሏል፤ አንዴ ይውረዱልኝ» አላቸው። መሬቱን የሚደለድል መስሎ ማዞሪያዋን ሌላ ሦስት ኪሎ ወደ ኋላ አዞራት። ሲወጡ ዘጠና አምስት ሆነ። ፊታቸው ሞልቶ ነበር፤ ወዙ ያበራል። በዚያ የሚያልፉ ሴቶች «እትዬ ጸሐይ፣ ጾሙ ተስማምቶዎታል፤ እንዴት ነው የተመቸዎት!» እያሉ ይስሟቸዋል። ክብሩም እንደ ሴቶቹ አሰበ። ሰው ሲመቸው ፊቱ ይሞላል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ይህን ነው። በአገሩ ደህና ያልሆነ ሰው ይከሳል እንጂ አይሞላም።

እንግዲህ የዚያች ቅዳሜ ጠዋት ደረሰ።

እትዬ ጸሐይወርቅ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው መጡ። ሳያት መሃል ከተማ አንድ ልብስ መሸጫ ውስጥ ትሠራለች፤ እንደ እናቷ ሞላ ያለች ናት፤ ለእሷ ዓይነት ሴቶች የሚሆኑ ቀሚሶች እየለበሰች በስልክ ትቀረጻለች። «ሰውነቴ ቤቴ ነው» የምትለው አባባል አላት፤ ብዙ ሴቶች ይከተሏታል። እናቷን ለምን ወደ ሚዛን እንደሚሄዱ ሁልጊዜ ትቆጣቸዋለች። ያን ቀን አብራ የመጣችው እናቷ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ቆመው ትንፋሽ ስለ ሰበሰቡ ነው። ክብሩ እግራቸውን አየ። የነጠላ ጫማው ማሰሪያ ሥጋቸው ውስጥ ገብቶ አይታይም።

ወጡ። ዘጠና ዘጠኝ። «መሬቱ ዘንበል ብሏል» አለ ክብሩ። በልጃቸው እጅ ተይዘው ወረዱ፤ እሱም ጎንበስ ብሎ ማዞሪያዋ ላይ አምስት ጨመረ። እንደገና ወጡ። ዘጠና አራት።

ወረቀቷን ከፍተው ፈገግ አሉና ለሳያት አሳዩአት። ለመናገር ትንፋሽ አልነበራቸውም።

ኮች ሰለሞን የዚያን ጊዜ መጣ። ስፖርተኞቹን አሰናብቶ ብቻውን ነበር። ወረቀቷን በሳያት እጅ አየና አነበባት፤ ደስታውም ከልቡ ነበር። እንዲህ ነው እንጂ አለ፤ በጥር መቶ አራት የነበሩ ሴት ዛሬ ዘጠና አራት፤ ያን ቀን ባልናገራቸው ኖሮ ይቀንሱ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። ሳያት ስለዚያ ቀን ሰምታ አታውቅም ነበርና ወደ እናቷ ዞረች። እናቷ ወደ ሐይቁ ያዩ ነበር።

«አንተ ነህ እናቴን በአደባባይ የሰደብካት?»

ሰለሞን ስድብ አይደለም አለ። መናገር ነው፤ ሰው ካልተነገረው አይነቃም። እሷም ተናግረህ ያዳንከው ሰው ካለ ጥራው፤ ወፍራም ሴት ወፍራም መሆኗን ታውቃለች፤ ከታክሲው ወንበር፣ ከልብስ ሰፊው ሜትር፣ ከየመንገዱ ሳቅ ስትሰማ ነው የምትውለው አለችው። ሴቲቱ ቤቷን ዘግታ እንድትቀመጥ ታደርጋታለህ እንጂ ኪሎ አትቀንስላትም። እሱ ደግሞ አንቺስ በዚያ ስልክሽ የምታደርጊው ምንድን ነው አላት፤ ደም ግፊትና ስኳር ቀሚስ አይቶ አያልፍም፤ «ቆንጆ ነሽ» እያልሽ ሰው ወደ ጉድጓድ ትሸኛለሽ።

«ቆንጆ ናት ነው ያልኩት። አትታመምም አላልኩም» አለች ሳያት።

«ሁለተኛውን ስትይ ግን አልሰማሁሽም።»

ሳያት ወረቀቷን አጠፈቻት። ሰለሞንም ድምፁን ዝቅ አደረገና አባቱ ወፍራም እንደ ነበር፣ ጎረቤት ሁሉ «ጋሼ ተመችቶታል» እያለ እንደ ሸኘው፣ በመጨረሻ እግሩ አብጦ ሱሪው መቀደድ እንደ ነበረበት ተናገረ። ከዚያ ወዲህ ወፍራም ሰው ሲያይ ዝም ማለት አይችልም። ክብሩ ይህን ሁሉ እየሰማ ማዞሪያዋን ለመመለስ አመቺ ጊዜ ይጠብቅ ነበር፤ ሁለቱ ግን ሚዛኗን መሃል አድርገው ነበር የቆሙት። እትዬ ጸሐይወርቅ በሾላው ሥር ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ስለ እሳቸው የሚባለውን እንደ እንግዳ ያዳምጣሉ።

«ለማንኛውም» አለ ሰለሞን፣ ጫማውን እያወለቀ፣ «ሰው በራሱ ይጀምራል። ሰባ አንድ ኪሎ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ግራም አልጨመርኩም። እዪኝ።»

ክብሩ «ቆይ» አለ። ድምፁ ግን ለራሱም አልተሰማውም።

ሰለሞን ወጣ። መርፌዋ ተንቀጠቀጠችና ሃምሳ ስድስት ላይ ቆመች።

ሰለሞን ወረደና እንደገና ወጣ። ሃምሳ ስድስት።

«ሥጋዬን የት አደረስከው?» አለ ክብሩን፤ መጀመሪያ እንደ ቀልድ ነበር። ሳያት ሳቀች። ኮቹ ራሱ ከሳ፣ አንድ ሰው መክሮ ያብላው አለች። ከዚያ ሰለሞን ወርዶ ባዶዋን ሚዛን ጎንበስ ብሎ አያት። መርፌዋ ዜሮ ላይ አልነበረችም። ከዜሮ ወዲያ፣ በሌላው በኩል፣ አሥራ አምስት መስመር ርቃ ነበር።

«ይሄ አጋጣሚ አይደለም» አለ።

ሦስቱም ወደ ክብሩ አዩ። እሱ ወደ ካርቶኑ ያይ ነበር፤ ወደ ራሱ እጅ ጽሑፍ። በእርጋታ ይወቁ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አሉ እትዬ ጸሐይወርቅ።

«ከየካቲት» አለ። «እንዲያ ተሰድበው ሲሄዱ… እንዳይቀሩብኝ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

አልተቆጡም። ቦርሳቸውን ከፈቱ፤ ዚፑ አስቸገራቸው። አንዲት ሰማያዊ ደብተር አወጡ። በየገጹ ቀኑ ተጽፎ የክብሩ ወረቀቶች አንድ በአንድ ተለጥፈዋል፤ ዘጠና ስምንት፣ ዘጠና ሰባት፣ ዘጠና ስድስት፣ በሚያምር እጅ። የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ግን የሌላ ሰው ጽሑፍ ነበር። ሳያት አነበበችው። በጤና ጣቢያው ያለች ነርስ የጻፈችው ነው፦ ልባቸው ደክሟል፤ በየሳምንቱ ይመዘኑ፤ በሳምንት ሁለት ኪሎ ከጨመሩ ውሃ ነውና ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይምጡ።

ልባቸው መድከሙን ሳያት አታውቅም ነበር። ማንም አያውቅም። የሆቴሉ ሰዎች ከሰሙ «እረፊ» ብለው ያሰናብቱኛል ብለው ፈርተው ለማንም አልተናገሩም።

«ኪኒኑስ?» አለች ሳያት፤ ገጹ ላይ የኪኒን ስምም ነበር።

«አቆምኩት። ሽንት ያሯሩጣል፣ ሥራ አያሠራም። ደግሞ… እየቀነስኩ ነበር። ደብተሩ ቀንሰሻል ይላል።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ተኝቼ አየር ሲያጥረኝ፣ ሦስት ትራስ ስደራርብ፣ ሙቀቱ ነው አልኩ።»

ሳያት ጉንጯን ይዛ ቆመች። በዚያው ሳምንት የእናቷን ፊት በስልኳ አንስታ «የእናቴ ወዝ» ብላ ለጥፋው ነበር።

ሰለሞን ተንበረከከ። አውራ ጣቱን በእትዬ ጸሐይወርቅ ቅልጥም ላይ ጫን አደረገና አነሳ። ጉድጓዱ አልሞላም፤ ጭቃ ላይ እንደ ቀረ ኮቴ እዚያው ቆየ። ፊቱ ተለወጠ። ያን ጉድጓድ ያውቀዋል።

«አሁን ስንት ናቸው? እውነቱን» አለ።

«መቶ ዘጠኝ» አለ ክብሩ።

ሰለሞን ወደ አስፋልቱ ሮጠ፤ ባዶ እግሩን ነበር።

ባጃጅ ይዞ መጣ። ከኋላ እትዬ ጸሐይወርቅ መሃል፣ ሳያት በቀኝ፣ ክብሩ በግራ ሆኑ። ማንም ና አላለውም፤ ማንም ቅርም አላለውም። ሚዛኗን ጉልበቱ ላይ ታቅፎ ነበር፤ መቼ እንዳነሳት አያስታውስም። ሰለሞን ከሹፌሩ አጠገብ በግማሽ መቀመጫው ተንጠለጠለ። መንገዱ ላይ የእትዬ ጸሐይወርቅ ትንፋሽ የፈላ ማንቆርቆሪያ ድምፅ ነበረው። ከንፈራቸው እንደ ቀለም ጠቁሯል። ሳያት እናቷን በነጠላ እያራገበች «እማዬ፣ አውሪኝ» ትላለች።

እሳቸው ግን ወደ ክብሩ ዞሩ።

«የኔ ልጅ» አሉት፤ ቃሉን ለመጨረስ ሁለቴ ቆሙ። «እኔ አንተን ያመንኩህ ዝም ስለምትል ነበር።»

ክብሩ ዕድሜውን ሙሉ ዝም ማለት የማይጎዳ ነገር ይመስለው ነበር።

በሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል በአልጋ ወሰዷቸው። አንዲት ወጣት ሐኪም እየፈጠነች ጥያቄ ጠየቀች። ክብደታቸው ስንት ነበር፣ ባለፈው ሳምንትስ፣ በስንት ቀን ጨመረ? ሳያት በድንጋጤ ደብተሩን ዘረጋችላት። ሐኪሟ አየችና «እየቀነሱ ነው የመጡት?» አለች፤ ግራ ገብቷት አንዴ አልጋውን፣ አንዴ ደብተሩን ታያለች። ክፍሉ በሰው ሞልቷል፤ አስታማሚው ሁሉ ያያል።

ክብሩ ወደ ፊት ወጣ። ሚዛኗ አሁንም እቅፉ ውስጥ ናት።

«ደብተሩ ውሸት ነው» አለ፤ ድምፁ ጮክ ብሎ ወጣና ራሱንም አስደነገጠው። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። እውነቱን ልንገርዎት። ጥር አሥራ ስምንት መቶ አራት። የካቲት ዘጠኝ መቶ አራት። የካቲት አሥራ ስድስት መቶ ሦስት። እስከ መጋቢት ሰባት ድረስ መቶ ሦስት። መጋቢት አሥራ አራት መቶ አምስት። ዛሬ መቶ ዘጠኝ።»

ሐኪሟ መጻፏን አቆመች።

«በሁለት ሳምንት ስድስት ኪሎ?»

«አዎ።»

«ያንን እያየህ ነበር?»

«እያየሁ ነበር።»

ሐኪሟ ለነርሷ የመርፌ ስም ነገረቻትና መጋረጃው ተዘጋ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወጥታ ለሳያት ስታስረዳ ሰለሞንም ክብሩም ሰሙ። ባለፉት ሳምንታት የጨመረው ስብ አይደለም፤ ልብ መግፋት አቅቶት በእግርና በሳንባ የተጠራቀመ ውሃ ነው። ለረጅም ዓመታት የቆየው ውፍረትና ግፊት ልቡን እንዳደከመውም አልሸሸገችም። ሌሊቱን ይተርፉ እንደ ሆነ ሲጠይቋት «እናያለን» ብላ ተመለሰች።

ሦስቱ በአግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሰለሞን እግሩ ባዶ መሆኑን ያኔ አየ። ሳያት ስልኳን አወጣች፣ የእናቷን ፎቶ አጠፋች፣ ስልኩን መልሳ ከተተች። ማን ልክ እንደ ነበረ የጠየቀ የለም። ክብሩ ሚዛኗን ከእግሩ ሥር አስቀመጣት። ማንም ሳይወጣባት መርፌዋ አሁንም ከዜሮ አሥራ አምስት ርቃ ነበር፤ ያልፍ የነበረ አንድ አስታማሚ ቆም ብሎ አያትና «ተበላሽታለች» ብሎት ሄደ።

እትዬ ጸሐይወርቅ ዘጠኝ ቀን ተኝተው ወጡ። ክብሩ ማዞሪያዋን ዜሮ ላይ አድርጎ በሱፐር ግሉ አጣበቃት።